ነል መጠን ካለው ነል አይደለም

ጠያቂያችን የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ሊኑክሳቸውን «ጠገነላቸው»፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አይነሳም። ከፍላሽ አስነስተው ዋናውን የዲስክ ክፍልፍል /ኤምኤንቲ በሚባለው ፎልደር ላይ ማውንት አደረጉና (ገጠሙና) በቸሩት፣ ማለትም ያንን ፎልደር እንደ ሥር በሚያስቆጥረው ትእዛዝ፣ ገቡ። ፒኤስ (የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን) ሲያዝዙ መጀመሪያ ፕሮክን ማውንት ያድርጉ አላቸው፤ ግራብን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሲተክሉ ዲስኩ አልተገኘም አለ። ያው ጠጋኝ አሁን «ኤምኤንቲን በሙሉ አጥፍተህ ከዜሮ ጀምር» ይላቸዋል። በመጨረሻ እንደ ዋዛ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ /ዴቭ/ነል 40 ኪሎባይት ሆኖ ይታያል።

እኔን የያዘችኝ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት። ነል የጣሉበትን ሁሉ ውጦ ምንም የማያስቀር የመሣሪያ ፋይል ነው፤ 40 ኪሎባይት ካለው ተራ ፋይል ሆኗል ማለት ነው። ጠጋኙ ልዩ ፋይል ሲስተሞቹን (ዴቭን፣ ፕሮክንና ሲስን) ሳይገጥም ቸሩት ገብቶ ማሻሻያ አስኪዷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ፕሮግራሞቹ ትርፍ መልእክታቸውን ወደ ነል ሲጥሉ ባዶው ዴቭ (የመሣሪያ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ ተራ ፋይል ተፈጠረ፤ ኢኒትራምኤፍኤስም (ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው ትንሽ ፋይል ሲስተም) በዚያው ጎደሎ ሆኖ ሳይሠራ አልቀረም። እንዲህ ያለ የጥድፊያ ጥገና ከመጀመሪያው ብልሽት የበለጠ ያደክመኛል።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ምንም ነገር የተገጠመበትን ፎልደር በአርኤም (በማጥፊያው ትእዛዝ) አያጥፉ። በባይንድ (አንዱን ፎልደር ሌላ ቦታም በሚያሳይ አገጣጠም) የተገጠመ ዴቭ ግልባጭ አይደለም፤ የሚሠሩበት የራሱ የሲስተሙ ዴቭ ነው። ኢፊቫርስ (የማዘርቦርዱ ቅንብሮች የሚታዩበት ፎልደር) ከተገጠመ ደግሞ የሚያጠፉት የማዘርቦርዱን ማስታወሻ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ጨርሶ መነሳት ያቃታቸው ማሽኖች ስለታዩ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አብዛኞቹን የኢፊቫርስ ተለዋዋጮች ከመጥፋት መከላከል ጀምሯል፤ በዚያ መተማመን ግን የእኔ ልማድ አይደለም።

ፕሮክ ለምን ባዶ ሆነ? ዲስክ ላይ ስለሌለ ነው። ፕሮክ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ ከርነሉ ሲጠየቅ በቃሉ የሚመልሰው ነው። /ፕሮክ/አፕታይምን በኤልኤስ ቢያዩት መጠኑ 0 ነው፤ በካት ቢያነቡት ግን ቁጥር ይሰጣል፣ ደግመው ቢያነቡት ሌላ ቁጥር። እዚያው ፕሮክ ውስጥ ኬኮር የሚባለው ፋይል በ64 ቢት ፒሲ ላይ 128 ቴራባይት ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ዲስኬን የበላው እሱ ነው ብለው ሊያጠፉት ሲታገሉ ያየኋቸው አሉ። አንድ ባይት እንኳ አይዝም! ቸሩት የሚለውጠው ሥሩን ብቻ ነው፤ የሚሠራው ከርነል አሁንም ፍላሹ ያስነሳው ነው። የዲስክዎ ፕሮክ ፎልደር ተጠያቂ የሌለበት ባዶ በር ነው፤ ከርነሉን እዚያ በር ላይ የሚያቆመው ማውንት ነው።

አሁን ከቸሩት ይውጡ። የተገጠመውን በሚዘረዝረው በፋይንድኤምኤንቲ /ኤምኤንቲ/ዴቭ ላይ ምንም እንዳልተገጠመ አይተው ያንን የውሸት ነል ብቻ፣ አንድ ፋይል ብቻ፣ ያጥፉ። ከገጠሙ በኋላ ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። ቡትና የኢፊ ክፍልፍል ለብቻቸው ከሆኑ በየቦታቸው ይግጠሙ። ቀጥሎ፦

ማውንት --ባይንድ /ዴቭ /ኤምኤንቲ/ዴቭ
ማውንት --ባይንድ /ዴቭ/ፒቲኤስ /ኤምኤንቲ/ዴቭ/ፒቲኤስ
ማውንት -ቲ ፕሮክ ፕሮክ /ኤምኤንቲ/ፕሮክ
ማውንት -ቲ ሲስኤፍኤስ ሲስ /ኤምኤንቲ/ሲስ
ማውንት --ባይንድ /ራን /ኤምኤንቲ/ራን

ማሽኑ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማዘርቦርድ ማስነሻ) የሚነሳ ከሆነ ኢፊቫርኤፍኤስን /ኤምኤንቲ/ሲስ/ፈርምዌር/ኢፊ/ኢፊቫርስ ላይ ይጨምሩ። ከዚያ ቸሩት ገብተው መጀመሪያ ኢኒትራምኤፍኤስን እንደገና ይሥሩ፤ ግራብን ከዚያ በኋላ ይትከሉ። ፍላሽዎ ርካሽ ከሆነ እዚህ መሀል ሊከዳዎት ይችላል፤ የፍላሽ መሞት የዲስክ ብልሽት መስሎ አንድ ሙሉ ቀን አባክኖብኛል።

ሲጨርሱ ይውጡና የተገጠመውን ሁሉ ለመንቀል ዩማውንት -አር /ኤምኤንቲ ይበሉ። «ሥራ ላይ ነው» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው እዚያው ፎልደር ውስጥ ትተውት የረሱት ሌላ ተርሚናል ነው፤ ፊውዘር ያሳይዎታል። ተናደው አርኤም እንዳይሉ፣ ደግሜ እላለሁ፤ ካልለቀቀ ማሽኑን በሥርዓቱ አጥፍተው ያስነሱት።