እንግዳ ሲጠፋ ሆቴልን እንዴት እናቆየው? ከሐዋሳ ዙሪያ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሐዋሳ ዙሪያ አነስተኛ ሆቴል ያለን ሰዎች ሰኔና ሐምሌን በደንብ እናውቃቸዋለን። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በጀት ሳይዘጋ ስልጠናውን ለመጨረስ ይሯሯጣል። አዳራሹም አልጋውም ይያዛል። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ሲገባ ግን ስልክ የሚደውል የለም። ዝናቡም ይከተላል። በዚህ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደየአቅሜ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ወንዶ ገነት አካባቢ ትንሽ ሆቴል አለኝ። ሐምሌና ነሐሴን ግማሹን ክፍል ቆልፌ ብቀመጥ ወጪ አይቀንስልኝም?

የመብራቱ ወጪ ይቀንስልሃል፤ ክፍሉ ግን ይበላሽብሃል። እንግዳ ያለበት ክፍል በየቀኑ ይከፈታል፣ ይጠረጋል፣ ውሃው ይፈሳል። የተቆለፈ ክፍል ይህን ሁሉ ያጣል። መስከረም ላይ ስትከፍተው ሽታው ከበር ይቀበልሃል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ያሉትን እንግዶች አንድ ረድፍ ላይ ሰብስባቸው። ጽዳቱም መብራቱም ይቀልልሃል። በየሳምንቱ ግን ረድፉን ቀይር። ባዶ የሆኑት ክፍሎች በሳምንት ሁለቴ ይከፈቱ፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ጤዛው ሲለቅ መስኮቱ ይከፈት፣ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ ይዘጋ። ፍራሹ በጎኑ ቆሞ ይናፈስ። የቁም ሳጥኑ በር ይከፈት፤ ቁም ሳጥኑም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። የእጅ መታጠቢያውም የሻወሩም ቧንቧ ለጥቂት ደቂቃ ይለቀቅ፤ ሽንት ቤቱም ውሃ ይለቀቅበት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ወለሉ ላይ ያለውን የሻወር ፍሳሽ ነው። ከሲንኩም ከወለሉም ሥር የታጠፈ ቧንቧ አለ። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው የፍሳሽ ሽታ ወደ ክፍሉ እንዳይወጣ የሚያግደው። ክፍሉ ሳይነካ ሲቆይ ያ ውሃ ይደርቃል፣ ሽታውም በረሮውም መንገድ ያገኛል። ስለዚህ በየፍሳሹ አንድ ጆግ ውሃ አፍስስ። ለረጅም ጊዜ የምትተወው ክፍል ከሆነ ከላዩ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምርበት። ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና እንዳይተን ይከላከላል። እንግዳ ገብቶ «ክፍሉ ይሸታል» ሲል ዲዮዶራንት ከመርጨትህ በፊት መጀመሪያ ይህን እይ።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ይዞታል። በየዓመቱ እንቀባዋለን፣ በየዓመቱ ይመለሳል።

ቀለም ሻጋታን ይሸፍናል እንጂ አይገድልም። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጊ። ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ይዘሽ ሆቴልሽን ዙሪያውን ተዘዋወሪ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ግድግዳው ላይ ይወርዳል? ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር ይጠራቀማል? የቆርቆሮው ሚስማር ላይ ያለው ጎማ ተሰንጥቋል? ብሎኬት ውሃ ይጠጣል። ከውጭ የጠጣውን በሳምንታት ውስጥ ወደ ውስጥ ያወጣዋል። ለዚህ ነው በደረቅ ቀን ብቻ የሚያይ ባለሙያ ችግሩን የማያገኘው። ሻጋታው ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ከሆነ ከሥር እየመጣ ነው፤ ከላይ ጥጉን ከሆነ ጣሪያውን ተጠራጠሪ። መሀል ግድግዳ ላይ ብቻውን ከታየ ደግሞ ከጀርባው ያለውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ እይ።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ አንድ እጅ በረኪና ከአሥር እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ እሸው፣ አጥቢው፣ በደንብ ይድረቅ። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ። አደራሽን በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህን ለጽዳት ሠራተኞችሽ በቃል ብቻ ሳይሆን እያሳየሽ አስረጃቸው።

ጥያቄ፦ ቀለሙንስ መቼ ልቀባ?

ውጩን በክረምት አትንካ። ጥቅምት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ግድግዳው ደርቆ ይጠብቅሃል። ክረምቱን ለበር፣ ለቁልፍ፣ ለወንበር፣ ለቧንቧ ጥገና ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ማንም ስለማይመጣ ዋጋ ልቀንስ? ጎረቤቴ በግማሽ ቀንሷል።

ከመቀነስዎ በፊት አንድ አልጋ ለአንድ ሌሊት ሲያዝ የሚያስወጣዎትን ይቁጠሩ። ሳሙናው፣ ሶፍቱ፣ የአንሶላ ማጠቢያው፣ የውሃ ማሞቂያው መብራት፣ ቁርስ ካለበትም ቁርሱ። ከዚያ በታች መሸጥ ኪሳራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለደመወዝና ለኪራይ ያግዛል። ስለዚህ ትንሽ መቀነሱ ክፋት የለውም።

ነገር ግን የአንድ ሌሊቱን ዋጋ በጣም ከሰበሩት መስከረም ላይ መመለስ ይከብዳል። ደንበኛው «ባለፈው በዚህ አድሬ ነበር» ይልዎታል፤ እውነቱን ነው። እኔ የምመርጠው ለሳምንትና ለወር የሚከፍል ሰው መፈለግ ነው። የኮንስትራክሽን መሐንዲስ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአጭር ሥራ የመጣ ቴክኒሽያን፣ የፕሮጀክት ሹፌር። እነዚህ ሰዎች ዝናብ አያስቀራቸውም። ለእነሱ የሳምንት ዋጋ ያውጡ፣ ልብስ የሚታጠብበትን ይጨምሩላቸው። ግድግዳ ላይ የለጠፉት ታሪፍ ግን ባለበት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ቦይለሮቹን ሁሉ ማጥፋት እችላለሁ?

ባዶ ክፍል ውስጥ ያለውን አጥፋው። ለብ ብሎ የተኛ ውሃ ግን ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያራባል፤ በሻወር እንፋሎት ወደ ሳንባ ገብቶ ያሳምማል። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ውሃው 60 ዲግሪ ይድረስ፣ ሻወሩም ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ። ውሃ ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ቦይለሩ በውሃ መሙላቱን ሳታረጋግጥ ማብሪያውን አትጫነው። ውሃ በሌለበት የበራ ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል።

ውሃህ ከጉድጓድ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያበልዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። ውሃህን አስመርምር። ለእንግዳ የታሸገ ውሃ አቅርብ።

ጥያቄ፦ ትኋን ገብቶብናል። ክፍሉን ሁለት ወር ብንዘጋው በረሃብ አይሞትም?

አይሞትም። ትልቁ ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። የሚገድለው ሙቀት ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። የብረት አልጋ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። የፍራሹን ስፌት፣ የራስጌውን ጀርባ፣ የመጋረጃውን እጥፋት በባትሪ መብራት እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እዚያ አለ። እንቁላሉ በአሥር ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል በሁለት ሳምንቱ ሥራውን ድገሙት። ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ መርጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ሰው የሚተኛበት ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ልቀንስ እያሰብኩ ነው። ልቤ ግን አልፈቀደም።

ልብሽ ትክክል ነው። አንሶላ በወጉ የምታነጥፍና የእንግዳ ስም የምታስታውስ ልጅ መስከረም ላይ ከየት ታገኛለሽ? መጀመሪያ የዓመት ፈቃዱን ስጪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው 16 የሥራ ቀን አለው፤ ለየሁለት ዓመቱ ተጨማሪ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርለታል። ተራ አውጥተሽ በሐምሌና በነሐሴ ይውሰዱ። የቀሩት አንሶላ ይጠግኑ፣ መጋረጃ ይጠቡ፣ ቆጠራ ይሥሩ። አስተናጋጁ ሪሴፕሽን ይማር፣ ሪሴፕሽኗ ወጥ ቤት ትግባ። በዓል ሲመጣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይሸፍናል። ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልሆነ ቁጭ ብለሽ ሒሳቡን አሳያቸው። ሰው እውነቱን ሲነገረው ይረዳል።

ጥያቄ፦ ጀነሬተሩ ሲፈለግ አይነሳም።

በየጊዜው ስለማታስነሱት ነው የማይነሳው። መብራት ባይጠፋም በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ጭነት ሰጥታችሁ አሠሩት። ባትሪውን እዩ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ወጥ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይበስላል፣ ማታ ይጣላል።

ሜኑውን አሳጥሪ። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ከ1 እስከ 15 ድረስ ሽሮና በያይነቱ ይበቃሻል። ለጾመኛ የተለየ ድስትና የተለየ ዘይት ይኑር፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮው ውስጥ ከገባ እንግዳሽ አይመለስም። ዓሳ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ አስተናጋጇ ትጠይቅ። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ጠዋት ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሳ ገበያ፣ የዕለቱን ብቻ አስመጪ። ዓይኑ የጠራ፣ ጉንጩ ሲገለጥ ቀይ የሆነውን ምረጪ። ሲያልቅ «አልቋል» ማለት ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ በክረምት የሚሞላ ቀን የለም?

አለ፣ ሐምሌ 19። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከየአገሩ ምዕመን ይመጣል። ታኅሣሥ 19ም እንደዚያው። ከተማው ሲሞላ ዳር ላሉት ለእኛም ይተርፋል። ስለዚህ ሐምሌ 10 ሲሆን የተነቃቀለ ቧንቧ፣ የተፈታ አልጋ መኖር የለበትም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ግን ቀኑ ቁርጥ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ በልጉ ወራት ጆሮህን ጣል።

በሐምሌው ንግሥ ቀን ዋጋ እጥፍ አታድርግ። በእግሩ መጥቶ በዝናብ የራሰ ምዕመን ነው የሚያንኳኳው። በታሪፍህ አስተናግደው፣ የራሰ ነጠላውን የሚያሰጣበት ገመድ ከጣሪያ ሥር ዘርጋለት፣ ሲወጣ ስልክ ቁጥርህን በወረቀት ስጠው። ለታኅሣሡ ከነቤተሰቡ አስቀድሞ ይደውልልሃል።