መድረክ ላይ ያስቃል፣ ቤት ሲገባ ይዘጋል

ጥያቄ፦ "ባለቤቴ ድሬዳዋ ውስጥ በየሆቴሉና በየሠርጉ ስታንድ አፕ ኮሜዲ ይሠራል። ሕዝቡን በሳቅ ሲያፈርስ አምሽቶ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና የዕለቱን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። 'እዚህ ጋ አልሳቁም' እያለ ያነጋል። ምን ሆንክ ስለው 'አቦ ተዪኝ!' ነው መልሱ። ባለፈው የእናቴን ነገር ቀልድ አድርጎ አቀረበው፤ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ሰፈር መውጣት አፈርኩ። ሰሞኑን ደግሞ እራት ላይ 'እኔ ብሞት ለቅሶዬ ላይ የሚመጣው ሰው ትርኢቴን ከሚያየው ይበዛል' አለኝ። ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ?" (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። ከጻፍሽው ሁሉ የመጨረሻው ነገር ይቀድማል። መድረክ ላይ የሚነገር የሞት ቀልድ ተጽፎ፣ ተለማምዶ፣ የሚሳቅበት ቦታ ተለክቶ የሚቀርብ ነው። እራት ላይ፣ ለአንቺ ብቻ፣ ሳቅ ሳይጠበቅበት ያመለጠው ግን እንደ ቀልድ አይታለፍም።

ስለዚህ ጠይቂው። ጠዋት፣ ጫት የሚቅም ከሆነ ሳይቅም፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፦ "ያን ቀን ያልከው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ቃሉን አታለስልሺው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ሰው እንዲያውም ስለተጠየቀ እፎይ ይላል። በቀልድ ሊያልፍሽ ይሞክራል፣ ሙያው ነዋ። ሳቂለትና ጥያቄውን ድገሚው። "አዎ" ካለ "በምን? መቼ?" በይ። መንገዱንና ጊዜውን አስቦበት ከሆነ ብቻውን አትተዪው፤ ቤት ያለውን መድኃኒትና የአይጥ መርዝ አርቂና በዚያው ቀን ድልጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ።

"አስቂኝ ሰው ሁሉ ውስጡ ያለቅሳል" የሚባለውን ግን አትቀበዪ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት 523 ኮሜዲያንን ጠይቆ ነበር። ያገኘው በአንድ ሰው ውስጥ ዝግ ማለትና ተጫዋችነት አብረው የመኖራቸውን ባሕርይ ነው፤ የለካውም ባሕርይ እንጂ በሽታ አልነበረም። ባልሽ ቤት ውስጥ ዝምተኛ መሆኑ ብቻውን ሕመም አይደለም።

አንቺ ያልጻፍሽው፣ እኔ ግን ሳልጠይቅ የማላልፈው ጫቱን ነው። የብዙዎቹ አዙሪት እንዲህ ነው፦ ከሰዓት በርጫ (የመቃሚያው ሰዓት) ላይ ምርቃናው፣ የጫቱ ሞቅታ፣ ሲመጣ ቀልዱ ይጻፋል። ምርቃና ላይ ሁሉም ቀልድ ያስቃል፤ ማታ ፊቱ የሚቀመጠው ተመልካች ግን አልመረቀነም። "እዚህ ጋ አልሳቁም" ከዚያ ይመጣል። ከትርኢቱ በኋላ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) ቢራ፣ እንቅልፍ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ጠዋት ድብርት፣ ድብርቱን ለመስበር ደግሞ ኢጀባና፣ የጠዋቱ ጫት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲወርድ ስሜትንም ይዞ ይወርዳል። "ተው" ብለሽ አትጀምሪ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንዳይቅም፣ ጨብሲውም እንዲቀር ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱካኩ (ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት) እና ድካሙ ያስቸግሩታል፤ ብዙዎች የሚመለሱት እዚያ ላይ ስለሆነ አስቀድመሽ ንገሪው።

ጎን ለጎን ለ2 ሳምንት በደብተር ያዢ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በላ ወይ፣ ቃመ ወይ፣ ሥራው ባልሆነ ነገር ሳቀ ወይ። ዝምታው ትርኢት ባለበት ሌሊት ብቻ ሆኖ በማግስቱ ከዚራ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ሻይ የሚል ከሆነ የመድረክ ድካም ነው። ትርኢት በሌለበት ሰኞም ከተዘጋ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፣ ቀኑን ሙሉና በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሆነ፣ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ድባቴ ሊሆን ይችላል።

ቅጂውን በዚያው ሌሊት አይስማ። የደከመ አእምሮ ከ40 ደቂቃ ሳቅ ውስጥ ሁለቱን ዝምታ ብቻ ይለቅማል። በማግስቱ፣ አንድ ጊዜ፣ እስክሪብቶ ይዞ ይስማው። አንቺም ደጅ ላይ "እንዴት ነበር?" አትበይው። ጫማ ይውለቅ፣ ይታጠብ፣ ይብላ። ወሬው ለምሳ ይቆይ።

የእናትሽን ጉዳይ በሌላ ቀን ለብቻው አንሺ፤ ከሞቱ ወሬ ጋር ከተደባለቀ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስምምነታችሁ ግልጽ ይሁን፦ ስለ አንቺና ስለ ቤተሰብሽ የሚነገር ቀልድ መጀመሪያ በአንቺ ጆሮ ያልፋል፤ አንቺ "ይለፍ"፣ "ይቀየር" ወይም "በፍጹም" ትያለሽ። ቪዲዮው ይጥፋ፤ እናትሽ ዘንድም እሱ ራሱ ሄዶ፣ ሳይቀልድ፣ ይቅርታ ይጠይቅ። "እናቴን ትተህ በራስህ ቀልድ" ግን አትበይው። ሰው እንዲወደው ብሎ ራሱን ዘወትር የሚያዋርድ ቀልደኛ ለድባቴ ቅርብ መሆኑ በጥናት የታየ ነው። ከፈለገ የሌለ ጎረቤት ይፍጠር።

ሐኪም ጋ አልሄድም ካለ ምክንያቱን ጠይቂው። "መድኃኒቱ ቀልዴን ይገድለዋል" የሚል ፍርሃት በኮሜዲያን ዘንድ የተለመደ ነው። የሚያደነዝዘው ከሆነ ዓይነቱና መጠኑ እንደሚቀየር፣ በንግግር ብቻ የሚሰጥ ሕክምናም እንዳለ ንገሪው። ሆሊዉድ ያለው ላፍ ፋክተሪ የተባለው የኮሜዲ ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ቤቱ ድረስ አምጥቶ ለኮሜዲያኑ እንዳቀረበም ጨምሪለት፤ ከእኔ ምክር ይልቅ የሙያ አጋሮቹን ይሰማ ይሆናል። ቀጠሮውን ጠዋት 3 ሰዓት አስይዢ። ከሰዓት ከሆነ በርጫው ይቀድምሻል።