አንባቢ ይጠይቃል፦ ከበርሊን ማራቶን በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ለጉብኝት ላውል?

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ከዚህ በፊት አንድ ማራቶን በ4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጨርሻለሁ። ዘንድሮ የበርሊን ማራቶን ዕጣ ስለወጣልኝ ወራት ሙሉ በትጋት ስለማመድ ቆይቻለሁ፤ ምኞቴም ከ4 ሰዓት በታች መግባት ነው። ባለቤቴና እህቱ አብረውኝ ይሄዳሉ። ሐሙስ ማታ ደርሰን፣ እሑድ ሮጬ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ እንመለሳለን። የሰዓት ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አያሳስበኝም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ ዓርብን ለሙዚየም ደሴት፣ ቅዳሜን ደግሞ ለፖትስዳምና ለሳንሱሲ ቤተ መንግሥት መድቧል። «42 ኪሎ ሜትር ለምትሮጥ ሰው መራመድ ምን ይከብዳታል?» ይለኛል። እንቢ ብል ጉዟቸውን የማበላሽባቸው፣ ለራሴ ብቻ የማስብ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል? ደግሞስ በእጅ ሻንጣዬ ምን ልያዝ? የትስ ቢቆሙ ሊያዩኝ ይችላሉ?

መልስ

ውድ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የበርሊንን ዕጣ የሚሞክረው ብዙ ነው፣ የሚደርሰው ግን ለጥቂቱ ነው። እንዲህ ያለውን ዕድል በሙዚየም ወለል ላይ እንድታባክኚው አልፈልግም። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ ዓርብም ቅዳሜም እግርሽን ለማንም አትስጪ። ይህን ማለትሽ ለራስሽ ብቻ ማሰብ አይደለም። በርሊን የምትሄዱት ማራቶኑ ስላለ ነው፤ ጉብኝቱ ማራቶኑን ተከትሎ ይመጣል እንጂ አይቀድመውም።

ባለቤትሽ ያነሳው ነገር ግን በቅንነት የተነሳ ስለሆነ ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል። ከዚህ በታች ያለውን አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ባለቤትህ በልምምዱ ወራት ብትሆን ኖሮ ያልከው ልክ ነበር፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ብትራመድም የሚጎዳት ነገር አልነበረም። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሯጭ ልምምዱን የሚቀንሰው ጡንቻው እንዲጠገንና የኃይል ስንቅ እንዲሞላ ነው። ሰውነት ከዳቦ፣ ከሩዝ፣ ከፓስታና ከድንች የሚያገኘውን ኃይል ግላይኮጅን አድርጎ በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል። ማጠራቀሚያው ውስን ነው። ብዙ ሯጮች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ድንገት እግራቸው የሚከዳቸው በአብዛኛው ይህ ስንቅ ሲሟጠጥ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ስንቁ የሚሞላባቸው የመጨረሻ ሁለት ቀናት ናቸው። የሙዚየም አካሄድ ደግሞ ከመራመድም ይብሳል፤ በደረቅ ወለል ላይ ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ ሁለት እርምጃ፣ ቆም። ማታ ላይ ባትና ወገብ ይደርቃሉ። በማግስቱ የተሻላት ይመስላታል፤ ዕዳው የሚከፈለው ግን እሑድ በ33ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ዕቅዱን መሰረዝ አያስፈልግም፣ ቀኑን ማዛወር ነው። ዓርብ ጠዋት በሩ ሲከፈት የመወዳደሪያ ቁጥርሽን ለመውሰድ ቴምፐልሆፍ ሂጂ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2008 በረራ ያቆመው የቀድሞ አየር ማረፊያ ነው፤ ሕንፃው እጅግ ሰፊ ነው። ቁጥሩን ሌላ ሰው ሊወስድልሽ አይችልም፤ ፓስፖርትሽንና የተላከልሽን ማረጋገጫ ይዘሽ ራስሽ መቅረብ አለብሽ። እዚያው በእጅሽ ላይ የሚታሰርልሽን አምባር እሑድ ሮጠሽ እስክትጨርሺ አታውልቂው። ቅዳሜ ከሄድሽ ሰልፉ ያደክምሻል። ከቁጥሩ ማደያ ጎን ያለው ኤግዚቢሽን ደግሞ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ መነጽር፣ በነጻ የሚቀመስ መጠጥ። እኔ በሄድኩበት ዓመት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ግድግዳ ሥር እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ብዙ ሯጮች አይቻለሁ፤ ጠዋት ገብተው መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። ቁጥርሽን ተቀበዪ፣ አንድ ፎቶ ተነሺ፣ ውጪ። እዚያ የገዛሽውን ማንኛውንም ነገር ለእሑድ እንዳትጠቀሚበት።

ዓርብ ከሰዓት ከቤተሰብሽ ጋር በሽፕሬ ወንዝ ላይ በጀልባ ተጓዙ። ተቀምጠሽ ከተማውን ታያለሽ፣ እነሱም አብረሻቸው በመሆንሽ ደስ ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ያህል ቀስ ብለሽ ሩጪ፣ ከዚያ ወደ ሆቴልሽ ተመለሺና አረፍ በዪ። እነሱ ለብቻቸው ይውጡ፣ ይግዙ፣ ይዙሩ፤ ማታ አብራችሁ በጊዜ እራት ትበላላችሁ።

ሰኞ ላይ ምንም አትመድቡ። አብዛኞቹ የሙዚየም ደሴት ሙዚየሞችና የሳንሱሲ ቤተ መንግሥት ሰኞ ዝግ ስለሆኑ እረፍቱ ራሱ የተመቻቸ ነው። ከማራቶን በኋላ የጭን ሕመም በአብዛኛው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ደረጃ መውረድ ነው። ሳንሱሲ ደግሞ ወይን በተተከለባቸው እርከኖች አናት ላይ የተቀመጠ፣ ደረጃው ብዙ የሆነ ቦታ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ሙዚየም ሂዱ፣ አግዳሚ ወንበር ባገኘሽ ቁጥር ተቀመጪ። ፖትስዳም ለረቡዕ ይቆይ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የብራንደንቡርግን በር አስቀድመሽ ለማየት አትሂጂ። ይህ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጀመር ምዕራብ በርሊን ውስጥ በግሩነቫልድ ጫካ አጠገብ የሚካሄድ ትንሽ ውድድር ነበር። ሯጮቹ በዚያ በር ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፉት እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1990 ነው፤ ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው። ለአሥርተ ዓመታት በግንብ ተዘግቶ የኖረ በር ነው። ከኡንተር ዴን ሊንደን ጎዳና መጨረሻ ላይ በእግርሽ ሮጠሽ ስትደርሺበት ማየትና ከቱሪስት ጋር ተጋፍቶ ማየት አይገናኙም። ግን አደራ፣ በሩ መድረሻ አይደለም! ብዙ ሰው በሩን ሲያልፍ እጁን ያነሳና ይቆማል፤ መስመሩ ገና ጥቂት መቶ ሜትር ይቀረዋል። ከ4 ሰዓት በታች ለመግባት ለምትታገል ሯጭ ያቺ ርቀት ከባድ ናት።

ስለ 4 ሰዓቱ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ከ4 ሰዓት ከ20 ወደ ከ4 በታች መውረድ ትልቅ እርምጃ ነው። በቅርቡ ግማሽ ማራቶንን ከ1 ሰዓት ከ53 ደቂቃ በታች ሮጠሽ ከሆነ ሞክሪው፤ ካልሆነ 4 ሰዓት ከ10ን ዓላማሽ አድርጊ፤ እሱም ቢሆን የሚያኮራ ነው። ልክ 4 ሰዓት ማለት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ማለት ነው። ነገር ግን ሰዓትሽ ላይ የሚታየውን ፍጥነት አትመኚው። የውድድሩ ርቀት የሚለካው በአጭሩ የመሮጫ መስመር ነው፤ መንገዱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሰመረውን ታዪዋለሽ። በሺዎች መካከል ስትሮጪ ግን ከመስመሩ እየወጣሽ፣ ሰው እያለፍሽ፣ መታጠፊያ ላይ እየሰፋሽ ትሄጃለሽ፤ የሳተላይት ሰዓቱም በሕንፃዎች መካከል ይሳሳታል። በመጨረሻ 42.6 ኪሎ ሜትር ቢያሳይሽ አትደነቂ። እንደዚያ ከሆነ 4 ሰዓት ለመግባት ሰዓትሽ ላይ የሚታየው አማካይ 5 ደቂቃ ከ38 መሆን አለበት። ከዚህ ይልቅ የመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክቶቹን ተከተዪ፤ 5ኛውን በ28 ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ግማሹን በ2 ሰዓት፣ 30ኛውን በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ተኩል። በክንድሽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊያቸው።

በርሊን ሜዳ ስለሆነች ታታልላለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚያው ነው። ከመነሻው እንደወጣሽ የቲርጋርተን መናፈሻ ሰፊ መንገድ ይቀበልሻል፣ ሕዝቡ በድል ሐውልቱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይፈስሳል፣ ሙዚቃ አለ፣ ጩኸት አለ፣ እግርሽም አርፎ የሰነበተ ነው። እዚያ ላይ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ20 የሚሮጥ ሰው ምንም ድካም አይሰማውም። ያዢው! የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ከዕቅድሽ ትንሽ ዘግይተሽ ብታልፊያቸው አልቆጭም፤ ፈጥነሽ ብታልፊያቸው ግን እቆጫለሁ።

ውሃ ማደያዎቹ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጠረጴዛዎች እለፊያቸው፤ ግርግሩ እዚያ ነው፣ መሬቱም በተጣለ ኩባያ ያንሸራትታል። የኋለኞቹ ባዶ ይሆናሉ። ሲጠማሽ ጠጪ፣ በግድ አትጠጪ። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸውን ከሰጡት 488 ሯጮች 13 ከመቶው በደማቸው ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። እንደ አንቺ ከ4 ሰዓት በላይ የመቆየት ዕድል ያለው ሯጭ፣ የሚጠጣበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባል።

የእጅ ሻንጣሽን በተመለከተ፦ ያለ እነሱ መሮጥ የማትችዪውን ሁሉ ከራስሽ ጋር ያዢ። የመሮጫ ጫማሽ (ረጅም ልምምድ ያደረግሽበት፣ አዲስ ያልሆነ)፣ ካልሲ፣ ቁምጣ፣ ካናቴራ፣ የደረት መያዣ፣ ሰዓትና ቻርጀሩ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ እሱም። ሻንጣ ቢጠፋ ጃኬት እዚያ ይገዛል፤ እግርሽ የለመደው ጫማ ግን አይገዛም። ጄል (እየሮጥሽ የምትወስጂው የኃይል ምግብ) በብዙ አየር ማረፊያዎች እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት ውስጥ ይግባ። የተረፈውን በትልቁ ሻንጣ ላኪው። በተጨማሪም መነሻው ላይ የምትጥዪው አሮጌ ሹራብ ያስፈልግሻል፤ በመስከረም (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የበርሊን ማለዳ ይቀዘቅዛል፣ ተሰልፎ መጠበቁም ረጅም ነው። የጉዞ ኢንሹራንስሽንም አንብቢው፤ ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይጠየቃል፣ የስፖርት ውድድርን ከሽፋኑ የሚያስወጣ ውል ግን አለ።

ቤተሰብሽ መነሻውም መድረሻውም ላይ አይድከሙ፣ ከሕዝቡ ብዛት አያዩሽም። የምድር ባቡሩን 7ኛ መስመር ይጠቀሙ። መጀመሪያ ዙድሽተርን ጣቢያ ወጥተው 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጠብቁሽ። አንቺ ስታልፊ በዚያው መስመር ፌርቤሊነር ፕላትስ ይሂዱ፤ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አንቺ በእግርሽ ወደ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅብሽ ቀድመውሽ ይደርሳሉ። የሚቆሙበትን ጎን፣ ከአንቺ በቀኝ ወይም በግራ፣ ቅዳሜ ማታ ተስማሙ፤ ካልተስማማችሁ ትተላለፋላችሁ። ለባለቤትሽ እህት አንድ አደራ ንገሪልኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ «ደርሰሻል፣ አለቀ!» ብላ እንዳትጮህ። ገና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፣ ሯጩም ያውቀዋል። ስምሽን ብቻ ትጥራ፤ ያ ይበቃል።

ከሩጫው በኋላ የምትገናኙበትን ቦታ ከመድረሻው ራቅ አድርጉ፣ ስልክ ላይ አትተማመኑ፤ አውታረ መረቡ ሊጨናነቅ ይችላል። በሐሙሱ በረራ ደግሞ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዢ፣ በየሰዓቱ ተነስተሽ ተራመጂ። አንደኛው ባትሽ ብቻ ቢያብጥና ቢያምሽ የሩጫ ሕመም ነው ብለሽ አትተዪው፤ ከረጅም በረራ ጋር የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ለሐኪም አሳዪው።