«ሂጂ» አትበሏት

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ ከሰላሳ ዓመት በላይ በነርስነትና በአዋላጅነት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰፈር ውስጥ የምጠራው «ሲስተር» ተብዬ ነው። ባሏ ስለሚደበድባት ሴት ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት ለምትገቡት ነው። ሥራ ያልያዛችሁም አንብቡት፤ ጎረቤት አላችሁና።

አንድ ቀን ከአዘዞ በኩል አንዲት ሴት መጣች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ግራ ክንዷ ተሰብሯል። «እንጨት ስለቅም ወደቅሁ» አለች። ባሏ አጠገቧ ቆሟል፤ እሷን የጠየቅኋትን ሁሉ እሱ ይመልሳል። የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ መዳፉን ነው የሚያስቀድመው፤ ስለዚህ አንጓው አካባቢ ይሰበራል። ዱላ የሚመክት ሰው ግን ክንዱን ወደ ፊቱ ያነሳል፤ የሚመታው መሃሉ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ነው። የእሷም የተሰበረው እሱ ነበር። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እንድጠይቅ ግን አደረገኝ። ባሏን ካርድ እንዲያወጣ ላክሁትና ለብቻዋ ሆነን ጠየቅኋት። እያለቀሰች ነገረችኝ። ሐኪሙ የህክምና ማስረጃ ጻፈላት። እኔም «ይህን ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ» አልኳት። የሚጠበቅብኝን ያደረግሁ መሰለኝ።

ከአምስት ወር በኋላ ልጅ አዝላ ተመለሰች። አሁን ደግሞ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ያ ወረቀት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነበር። ፈታ ሰጠችኝ። «በሩ ድረስ ሄጃለሁ፤ ማንን እንደማናግር አላወቅሁም፤ ተመለስኩ» አለችኝ።

ያ «ሂጂ» ያልኩት ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ኋላ ሳስተውል ሁላችንም የምንላት ይህንኑ ነው። እኛ «ፖሊስ ጋ ሂጂ» እንላለን። ፖሊስ «ምስክር ይዘሽ ነይ» ይላል። ቀበሌ «እስኪ መጀመሪያ ሽማግሌ ይያችሁ» ይላል። ሽማግሌ «ቻይው፣ የልጆችሽ አባት ነው» ይላል። የነፍስ አባት ጋ ስትሄድ «በቁርባን የተጋባችሁ ናችሁ» ትባላለች። አብዛኛው ሰው ክፉ አስቦባት አይደለም። ግን በየበሩ ታሪኳን ከመጀመሪያው ትናገራለች፤ በየበሩ ታፍራለች፤ ሲመሽ ደግሞ የምትገባው እዚያው ቤት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም። ስለዚህ እናንተ ፊት ቀርባ አፏን የከፈተች ሴት ብዙ ነገር አልፋ ነው የመጣችው። እሷን «ሂጂ» ማለት ወደዚያ ዝምታ መልሶ መላክ ነው።

የሕግ ተመራቂዎች ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስትን ታዘዢ ይል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እኩል አደረጋቸው፤ ክልላችንም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ጥቃት በስም ጠርቶታል። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም፣ የአእምሮ ጤና ጉዳትንም ይጨምራል። ግን ቀዳዳ አለው። ጉዳቱ ቀላል ከተባለ ክሱ የሚመሠረተው እሷ ስታመለክት ነው። ስለዚህ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አቤቱታዋን እንድታነሳ እሷኑ ይለምናል። በጋብቻ ውስጥ መድፈርን ሕጉ እስካሁን ወንጀል አላደረገውም። ይህን የማስለወጡ ሥራ የእናንተ ነው፤ በእኛ ዘመን አልሆነም።

ሽምግልናን ተዉት አልልም። ጎንደር ውስጥ ሽማግሌ የማይገባበት ቤት የለም፤ ብንንቀውም ይገባል። እኔ የምለው አብረን እንሥራ ነው። አጥንት ከተሰበረ፣ ደም ከፈሰሰ ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ሽማግሌ እርቅ ብሎ ሊዘጋው አይገባም። በሌላው ጊዜ ደግሞ እሷን «ቻይው» ከማለት እሱን ዋስ ያስጠሩት። ዋሱም ሽማግሌዎቹም «ደግመህ እጅህን ብታነሳ ይዘናት ፖሊስ ጋ የምንሄደው እኛ ነን» ይበሉት። እድርም እንዲሁ። እድራችሁ ቀብር ለቀረ ሰው መቀጫ አለው። ሚስቱን ለሚደበድብ አባልስ ምን አለው? በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ። ወጣት ናችሁና ዝም በሉ ትባሉ ይሆናል። ደግማችሁ ጠይቁ።

ኋላ ላይ ዘዴዬን ቀየርኩ። ተራዬን ስጨርስ ጋውኔን አውልቄ እንዲህ ተጎድታ ከመጣች ሴት ጋር አብሬ እሄድ ጀመር። ፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አብረን እንቀመጣለን። ነርስ አብራ ስትመጣ ቃሏን ቶሎ ይቀበሏታል። ቀስ በቀስ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ከሚይዙት ፖሊሶች ጋር በስም ተዋወቅን። ከዚያ ወዲያ መሄድ ባልችል እንኳ እደውላለሁ፤ «እንዲህ የለበሰች ሴት ከሰዓት ትመጣለች፣ በር ላይ ጠብቂያት» እላለሁ። ትብብር ትብብር ሲሉ ስሰማ የሚታየኝ ይህ ነው። ህዳር 16 በሚከበረው፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት በሚወገዝበት ቀን አዳራሽ ውስጥ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ቄሱና ነርሷ አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ። ሻይ ጠጥተው ስልክ ሳይለዋወጡ ነው የተለያዩት።

ተደፍራ የመጣች ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን አትርሱ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ቃሏ እስኪጻፍ አታስጠብቋት፤ ሕክምናው ይቅደም።

«አልሄድም» የምትላችሁም አለች። አትቆጧት። ለመለየት የወሰነች ሰሞን ከሁሉም የከፋው አደጋ ሊመጣ ይችላል፤ ባሏን የምታውቀው እሷ ናት። ማታ የትኛው ጎረቤት በር እንደሚከፍትላት ጠይቋት። ለትልቁ ልጅ ወደማን እንደሚሮጥ ትንገረው። መታወቂያዋ፣ የጋብቻ ወረቀቷ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ ኮፒ ከቤቷ ውጭ ይቀመጥ። የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ዛሬም የሁለት ጎረቤቶቼ ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ አለ። አንዷ ባለፈው ወር መጥታ የራሷን ወሰደች። በማግስቱ ጠዋት ስንት ታክሲ እንደሚያልፍ እየቆጠርን አብረን መንገድ ዳር ቆመን ነበር።