መልስ፦ አልማዝ ስለ ጥንቱ አየር ምን ሊነግረን ይችላል?

«አልማዝ ከምድር ጥልቅ የሚወጣ ከሆነ ስለ ጥንቱ አየር እንዴት ምስክር ይሆናል?» ብለው ለጠየቁት፦ ቁልፉ ድኝ ነው። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአየር ውስጥ ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ስለነበር የኦዞን ከለላ አልነበረም። አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ ታች ዘልቆ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውን የድኝ ጋዝ ሲሰባብር የአይሶቶፖቹ (በክብደት የሚለያዩ የድኝ አተም ዓይነቶች) ምጥጥን ከተለመደው ሥርዓት ውጪ ይዛባል። ይህ አሻራ በዘመኑ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል፤ ኦክስጅን ሲበዛ ግን ጠፋ።

እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ቀጣዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪው ጄምስ ፋርኳርና ባልደረቦቹ ያንኑ አሻራ በቦትስዋና፣ ኦራፓ በተገኙ አልማዞች ውስጥ በታሸጉ የሰልፋይድ (ድኝ ያለበት ማዕድን) ቅንጣቶች ላይ አገኙት። እነዚህ አልማዞች የተፈጠሩት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት፣ ማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም የአለት ንብርብር) ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አየር ላይ የነበረ ድኝ ከደለሉ ጋር ወደዚያ ወርዷል፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም።