ከአይጡ በፊት ቁንጫውን፦ ስለ ቸነፈር ለጠየቃችሁኝ

ደሴ የምሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ስለ ቤት ቁንጫና ቁንጫ ከአይጥ ወደ ሰው ስለሚያሻግረው በሽታ፣ ስለ ቸነፈር፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ለመጡት ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከሆጤ)፦ ልጆቼን ሌሊቱን ሙሉ ቁንጫ ሲበላቸው ያድራል። ቸነፈር ይይዛቸው ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ አይስጉ። ቁንጫ ጀርሙን የሚያገኘው ከታመመ እንስሳ፣ በተለይም ከአይጥ ደም ነው። ዛሬ ደግሞ ቸነፈር የሚበረታው እኛ ጋ ሳይሆን በማዳጋስካር፣ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክና በፔሩ ነው። ለልጆቹ እኔን የሚያሳስበኝ አክከው ማቁሰላቸው ነው፤ ጥፍራቸውን ይቁረጡላቸው።

ጥያቄ (ከሸዋ በር)፦ ቁንጫ ሁሉ ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በዋናነት አስተላላፊው የአይጥ ቁንጫ ነው። ጀርሙ ሆዱ መግቢያ ላይ ተራብቶ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። የመጠጠው ደም አልወርድ ስለሚለው ይራባል፤ ሲራብ ደጋግሞ ይነክሳል፤ በነከሰ ቁጥር ደሙን ከነጀርሙ ቁስሉ ላይ መልሶ ይተፋዋል። የሰው ቁንጫ በዚህ ረገድ ደካማ ነው። ሆኖም ማዳጋስካር ላይ ቸነፈር በገባበት አካባቢ ጀርሙን የያዘ የሰው ቁንጫ ከቤት ውስጥ ተይዟል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው ብዬ አላልፈውም።

ጥያቄ (እህል ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ)፦ መጋዘኔን አይጥ ጨረሰው። መርዝ ባደርግስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉን አደራ። ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1898 ካራቺ ላይ ቸነፈርን ከአይጥ ወደ አይጥ የሚያሻግረው ቁንጫ መሆኑን አሳየ። አይጡ ሞቶ ገላው ሲቀዘቅዝ ቁንጫው ጥሎት ይወጣል፤ ሌላ አይጥ ካጣ ሰው ላይ ይወጣል። ቸነፈር ባለበት አገር መጀመሪያ አይጥ መግደል ቁንጫውን ወደ ሰው መንዳት ነው። ቸነፈር በሌለበትም ቢሆን ቁንጫውን የማስቀደም ልማድ ይጠቅማል፤ የአይጥ ቁንጫ የተስቦ ዓይነትም ያስተላልፋልና። በመጀመሪያ በጉድጓዱ አፍና በመመላለሻው ላይ የቁንጫ ዱቄት ይነስንሱ፣ መርዙ ከዚያ ይከተል፤ ሁለቱም ከእህሉ ይራቁ። የሞተውን አይጥ በባዶ እጅ ጅራቱን አንጠልጥሎ መንገድ ላይ መወርወር ይቅር። እጅዎን በፌስታል ሸፍነው ያንሱት፣ ይቅበሩት።

ጥያቄ፦ ገጠር ከርመን ቤታችንን ስንከፍት ቁንጫ እግራችንን ወረረን። ማን መግቦት ቆየ?

መልስ፦ ማንም። ገና ያልተፈለፈለው ቁንጫ አቧራ በለበሰ ድር ተጠቅልሎ ለወራት ይቆያል። የእግር ንዝረት፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ይፈለፈላል። የመደቡን ስንጥቅ በጭቃ ድፈኑ፤ ወለሉን እየጠረጋችሁ ጥራጊውን አቃጥሉ፤ አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡ።

ጥያቄ፦ ንፍፊት ካበጠ ቸነፈር ነው?

መልስ፦ እግር ሲቆስልም ንፍፊት ያብጣል። የቸነፈሩ ግን ከተነከሱ ከ1 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ከድንገተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጋር ይመጣል፤ ሲነኩት አያስነካም። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ካልታከመ ከ100 ሰው ከ30 እስከ 60 ይገድላል። ሳንባ ከገባ ቁንጫ አያስፈልገውም፤ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ድመት ባሳድግስ?

መልስ፦ ያሳድጉ፤ ግን እሷም ቁንጫ ታመጣለች፤ ከልጆቹ መኝታ ያርቋት።