ስድስት ሆናችሁ የአፍሪካ ወይም የካሪቢያን ምግብ ቤት ልትበሉ ከሆነ፣ ከሜኑው በፊት ሰዓቱን አስቡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ፦ «ስድስት ሆነን ቅዳሜ ማታ ከተማ ውስጥ ካሉት ቀለል ያሉ የአፍሪካ ወይም የካሪቢያን ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ልንሄድ ነው። አንዷ ሥጋ አትበላም፣ አንዱ ኦቾሎኒ ያሳብጠዋል፣ ሌሎቻችን ሁሉን እንበላለን፣ የሚያቃጥልም እንችላለን። ምን እንዘዝ?» ከእኔ በፊት የመለሱት ሁሉ የምግብ ስም ደርድረውልሻል። ስሙን ከማንም ታገኚዋለሽ። ሰው ከእነዚህ ቤቶች ከፍሎ፣ ሳይጠግብ፣ ተናዶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በማይሆን ሰዓት ገብቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሜኑ ስላመነ ነው።

1. ማታውን ወደ ምሳ ለውጡት። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ትእዛዝ ሲደርሳቸው መጥበሻ የሚያነሱ አይደሉም። ጠዋት ትልልቅ ድስት ይጥዳሉ፣ ምሳ ላይ ያደርሳሉ፣ ከዚያ በእንፋሎት በሚሞቅ ትሪ ደርድረው እስኪያልቅ ይሸጣሉ። ያለቀ አለቀ። ሜኑው ላይ ያለው ሥዕል ግን ዓመት ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም።

የጃማይካ ቤት ከሆነ ቀድሞ የሚሟጠጠው የበሬ ጭራ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ሦስት ሰዓት ያህል በዝግታ መብሰል አለበት፣ ጥሬው ራሱ ውድ ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ማታ ብታገኚውም ትሪ ላይ ሲንተከተክ የዋለ ነው፦ መረቁ እንደ ሙጫ ሆኗል፣ ጨው ጨው ይላል፣ የተረፈውም የጭራው ቀጭን ጫፍ ስለሆነ አጥንት መጋጥ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ያው ነው።

የሴኔጋል ቤት ከሆነ ጨቡ ጀን የምሳ ምግብ ነው። ዓሣው በፓርስሊ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይወተፋል፣ በቲማቲም መረቅ ከካሳቫ፣ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር ይበስላል። ከዚያ ይነሣና የተሰበረ ሩዝ ያንኑ መረቅ እየጠጣ ይበስላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ምግብ ነው፤ ማታ በማይክሮዌቭ ሞቆ ሲቀርብ ማየት ያበሳጫል። እዚያ ቤት ማታ ከገባችሁ በሽንኩርት፣ በሎሚና በሰናፍጭ የሚሠራውን ያሳ ዶሮ፣ ወይም ዲቢ የሚባለውን የበግ ጥብስ ጠይቁ።

ሌላውን በአጭሩ ልንገርሽ። ሩዝና አደንጓሬ አብሮ የሚበስልበት የጋና ዋቼ ጠዋት ነው፣ ሽምብራ በቂጣ የሆነው የትሪኒዳድ ደብልስ ጠዋት ነው፣ አኪ የሚባለው የጃማይካ ፍሬ በጨው ዓሣ ቁርስ ነው። ሱፕ ጁሙ የሚባለው የሄይቲ የዱባ ሾርባ ብዙ ጊዜ እሑድ ነው የሚገኘው፤ ትልቁ ቀኑ ደግሞ ሄይቲ በ1804 ነፃነቷን ያወጀችበት ጃንዋሪ 1 ነው። ለማታ የሚሆነው ሱያ የሚባለው በቅመም የታሸ የናይጄሪያ የሥጋ ጥብስ ነው፤ እሱ ከፍም ላይ ትኩሱን ስለሚነሣ ሲመሽ ይሻላል እንጂ አይብስም።

2. ሳትደውሊ አትሂጂ። «ክፍት ናችሁ?» ብለሽ ብቻ ስልኩን አትዝጊ። ጠይቂ፦ ዛሬ የትኛው ድስት ተጥዷል? ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል? ለስድስት ሰው የሚሆን ጭራ ወይም የፍየል ካሪ ስም ጽፋችሁ ታስቀምጡልናላችሁ? ሙሉ ዓሣ ብናዝዝ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጥሩ ቤት «ጭራው ስድስት ሰዓት ተኩል ይደርሳል፣ ዓሣው አርባ ደቂቃ ነው» ብሎ ቁርጡን ይነግርሻል። «ሁሉም አለ፣ ኑ ብቻ» ካሉሽ ጥርጣሬ ይግባሽ። ሃምሳ ዓይነት ምግብ ሁልጊዜ አለኝ የሚል ትንሽ ቤት ያለው ትልቅ ፍሪዘር ነው።

ሙሉ ቲላፒያ በፍም የሚጠበሰው ሲታዘዝ ስለሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ነው። የሚያናድደው መዘግየቱ ሳይሆን አስቀድመው የማይናገሩት መኖራቸው ነው። ኛማ ቾማ የሚባለው የኬንያ የሥጋ ጥብስም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። በኪሎ ሲሸጥ ኪሎው የሚመዘነው ጥሬው ከነአጥንቱ ነውና ተጠብሶ ተከትፎ ሲመጣ ግማሹ የጎደለ ይመስላል። አላጭበረበሯችሁም፤ ውኃውና ስቡ ወጥቶ ነው። አንድ ኪሎ ለሁለት ሰው፣ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) እና ካቹምባሪ (የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ) በደንብ ከተጨመረ ለሦስት ሰው አስቢ።

3. ሥጋ የማትበላዋና ኦቾሎኒ የማይስማማው። እዚህ ላይ ነው ዋዛ የሌለው።

ኦቾሎኒ የሚጠበቅበት ቦታ ይታወቃል፦ ማፌ የሚባለው የኦቾሎኒ ወጥ፣ የኦቾሎኒ ሾርባ፣ ንዶሌ የሚባለው የካሜሩን የቅጠል ወጥ። የሚያስተው ሱያ ነው። ሥጋው ላይ የሚነሰነሰው ያጂ የሚባለው ቅመም ዘይቱ የተጨመቀ የኦቾሎኒ ዱቄት አለበት፣ ለዓይን ግን ከተራ በርበሬ አይለይም። ከዚህ የባሰው ፍርግርጉና ቢላው የጋራ መሆኑ ነው፤ ሱያ የሚጠብስ ቤት ያለ ያጂ የጠበሰውን ዶሮም በዚያው ጣውላ ላይ ነው የሚከትፈው። የፕላንቴን (ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ የሚበላ የሙዝ ዓይነት) መጥበሻ ዘይትም የኦቾሎኒ ሊሆን ይችላልና ጠርሙሱን አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ለዚህ ሰው የጃማይካ ወይም የትሪኒዳድ ቤት ከምዕራብ አፍሪካ ቤት ይሻለዋል፤ እዚያም ቢሆን ስለ ዘይቱ ጠይቆ ነው። መድኃኒቱንም መኪና ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዝ።

ሥጋ ለማትበላዋ «ይሄ ሥጋ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የለውም» ይሏችኋል፣ እውነታቸውንም ነው፣ ግን ድስቱ ውስጥ የተፈጨ የደረቀ ሽሪምፕና የደረቀ ዓሣ አለ። ኤጉሲ፣ ኤፎ ሪሮ፣ ኦግቦኖ የሚባሉት የናይጄሪያ ሾርባዎች ያለ እነሱ እምብዛም አይሠሩም፤ ጣዕሙ ራሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። በቲማቲም የሚሠራው ጆሎፍ ሩዝ ሥጋ የሌለበት ቢመስልም ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይበስላል። ጋናዎች በጎን የሚያቀርቡት ጥቁር ማባያ፣ ሺቶ፣ የደረቀ ዓሣና ሽሪምፕ ነው። የሄይቲ ሌጊም በስሙ አትክልት ነው፣ ውስጡ የበሬ ሥጋ ወይም ሸርጣን ይገኛል። ካላሉ የሚባለው የጃማይካ የጎመን ዓይነት ላይ ጨው ዓሣ ጣል ይደረጋል። ስለዚህ ነገሩን በስሙ ጥሪው፦ የደረቀ ሽሪምፕ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የሥጋ መረቅ፣ የዶሮ ኪዩብ፣ ከእነዚህ የገባበት አለ? ብለሽ አንድ በአንድ።

ለእሷ የሚመቸው የትሪኒዳድ ቤት ነው። ደብልስ ባራ የሚባሉ ሁለት ለስላሳ የተጠበሱ ቂጣዎች በሽምብራ ካሪ፣ በተምር ሂንዲ ማባያና በኩከምበር ስለሆነ ከሥጋ ነፃ ነው። ዳልፑሪ ሮቲ የሚባለውን ትልቅ ስስ ቂጣ በሽምብራና በድንች ወይም በዱባ ብታስሞላ ደግሞ አንዱን መጨረስ ያቅታታል። ኢታል የሚባለው የራስታዎች ማዕድ ያለበት የጃማይካ ቤት ካገኛችሁ ከሁሉም የተመረጠ ነው፤ ሥጋ የለውም፣ አጥባቂዎቹ ጨው እንኳ አይጨምሩበትም፣ የኮኮናት ወተቱና ቅመሙ ይክሰዋል።

ቁጥሩን እዚህ ልተወው፣ የቀረው እርስ በርሱ የተያያዘ ነው።

«የሚያቃጥል እንችላለን» ያላችሁት ግን በጥንቃቄ ይሁን። ካሪቢያኖቹ የሚጠቀሙት ስኮች ቦኔት የሚባለው ቃሪያ፣ የማቃጠል ኃይል በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከ100,000 እስከ 350,000 ይደርሳል፤ ብዙ ሰው ያቃጥላል የሚለው ሃላፔኞ የሚባለው ቃሪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። ድስት ውስጥ ሙሉውን ተጥሎ ሳይፈነዳ ከወጣ ሽታውን ብቻ ይሰጣል፣ ከፈነዳ ግን ያ ድስት ሌላ ድስት ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የቻልሽው ምግብ በሳምንቱ የሚያስለቅስሽ። ማባያውን በጎን አስመጪ። ደብልስ ላይ «ትንሽ» በይ፤ የእነሱ ትንሽ ይበቃሻል። ፒክሊዝ የሚባለው የሄይቲ የጎመን ማባያ ተራ ሰላጣ ይመስላል፣ ግን ኮምጣጤው ለቀናት ቃሪያውን ሲጠጣ የሰነበተ ነው፣ ስለዚህ ፈሳሹን ሳይሆን ጎመኑን በሹካ አንጠፍጥፈሽ አንሺ። ሲያቃጥል ውኃ አይረዳም፣ የሚያቃጥለው ነገር በውኃ አይሟሟም። ወተት ያለበት መጠጥ፣ ሩዝና የበሰለ ጣፋጭ ፕላንቴን ይረዳሉ። የዝንጅብል መጠጥ የሚያዝዝ ሰው አይጠፋም፤ እሳት ላይ እሳት ነው።

ናይጄሪያ ወይም ጋና ቤት ከገባችሁ ማዕዱ ሦስት ነገር ነው፦ የሚዋጥ (ከያም፣ ከካሳቫ ወይም ከበቆሎ የሚሠራ እንደ ገንፎ ያለ ድብልብል)፣ ሾርባ፣ ሥጋ። ሦስቱ በአንድ ዋጋ ወይም ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ አስደምሩ። ሥጋው በፍሬ ሲቆጠር ሒሳቡ ሳይታወቅ ያብጣል። «አሶርትድ» ያላችሁ ጨጓራ፣ አንጀትና የላም ቆዳ ነው፤ ለሚወደው ማለፊያ ነው፣ ለማያውቀው ግን አታዝዙ። ከሚዋጠው ለጀማሪ የተወቀጠ ያም ይሻላል፣ ለስላሳና ጣዕሙ ገር ነው። ኤባ ሻካራና ኮምጣጣ፣ ባንኩ የቦካ፣ አማላ ደግሞ ቡናማና ለየት ያለ ሽታ ያለው ነው። ለስድስት ሰው ሦስት ድብልብልና ሁለት ዓይነት ሾርባ በጋራ ጀምሩ፣ ካነሰ ይጨመራል።

አበላሉ፦ ቀኝ እጅ ይታጠባል። ከጫፉ የአውራ ጣት ራስ የምታህል ትቆርጫለሽ፣ በጣቶችሽ ታድበለብያታለሽ፣ በአውራ ጣት መሐሏን ጎድጎድ ታደርጊያለሽ፣ በዚያ ጉድጓድ ሾርባውን ትጠልቂያለሽ፣ ሳታኝኪ ትውጫለሽ። ማኘክ ከጀመርሽ ድዱ ላይ ይጣበቅና ሁሉም ይበላሻል። ኦክራ (ባሚያ) እና ኦግቦኖ እንደ ክር ይመዘዛሉ፣ ስለዚህ ከሳህኑ ስታነሺ የእጅሽን አንጓ አንዴ አዙረሽ ክሩን ቁረጪው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ኤጉሲ ይብላ፤ የዘንባባ ዘይቱ ቢንጠባጠብ ግን አይለቅም።

ጀርክን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ፣ ልናገረው። ዶሮ በምድጃ ጋግሮ ቀይ ጣፋጭ ሶስ አፍስሶበት ጀርክ ብሎ የሚሸጥ ቤት በዝቷል። ጀርክ በስኮች ቦኔት፣ በጦስኝ፣ በለጋ ሽንኩርትና ፒሜንቶ በሚባለው የዛፍ ፍሬ ቅመም ታሽቶ አድሮ ጭስ ላይ የሚውል ነው። ጃማይካ ውስጥ የፒሜንቶ እንጨት ራሱ ይነድበታል፤ ሌላ አገር ከሰሉ ላይ ፍሬውን ቢበትኑበትም እሺ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቆዳው እዚህም እዚያም ጠቁሯል፣ ደረቅ ነው፣ ሶሱ በጎን ይመጣል፣ በሩ ላይ ጭስ ይሸታል። ቆዳው ረጥቦ ከሶስ በታች የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ ምግብ እዘዙ። ዶሮውም ፍየሉም ከነአጥንቱ በመጥረቢያ መሳይ ቢላ ስለሚቀጠቀጥ ስንጥር አለው፤ ቀስ ብላችሁ አኝኩ።

ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴትዮ ፊቷ ካልፈታ ቅር አይበልሽ፣ ከኋላሽ ሃያ ሰው አለ። እሷ የምትፈልገው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጠኑ፣ ሥጋው፣ ነጭ ሩዝ ነው ወይስ በአደንጓሬና በኮኮናት ወተት የበሰለው፣ ከዚያ መረቁ። ዶሮ ብታዝዢም ሩዙ ላይ የጭራ መረቅ አድርጊልኝ ማለት ይቻላል፣ አንዳንዱ ቤት ግን ያስከፍላል።

የተረፈውን ይዛችሁ ስትሄዱ የሚዋጠውን ከተጠቀለለበት ፕላስቲክ አታውጡት፣ ይደርቅና ቆዳ ያወጣል። ቤት ስታሞቁት ወደ ማይክሮዌቭ የሚገባ ሳህን ላይ ቆራርጣችሁ ውኃ ርጩበት፣ ክደኑት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሰጥታችሁ እሹት። ሩዙ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ።

እኔ ብሆን በእናንተ ቦታ ቅዳሜ ምሳ ላይ የካሪቢያን ቤት እይዛለሁ፦ ሁለት ጭራ፣ አንድ የፍየል ካሪ፣ አንድ ጀርክ፣ ለእሷ የሽምብራ ሮቲ፣ ለመሐል ሁለት ሳህን ፕላንቴን፣ ስድስተኛው ሰው ከመሐል ያነሣል። ሒሳብ ሲመጣ ለብዙ ሰው ሲሆን የአገልግሎት ክፍያ ቀድሞ ተደምሮ እንደሆነ እዩ፣ ከተደመረ ላዩ ላይ ሌላ ጉርሻ አትጨምሩ። ካርድ ከተወሰነ ሒሳብ በታች የማይቀበሉ ስላሉ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ያዙ።